«ተመጣጣኝ ተመላሽ» ስንት ብር ነው? የአንድ የባሕር ዳር ሆስቲንግ ድርጅት አገልግሎት ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ለድረ ገጽ ማስቀመጫ ቦታ ከሚያከራዩ ድርጅቶች በአንዱ ዘንድ ከታኅሣሥ 2015 እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ደንበኛ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ነው። በቆይታዬ ላገኘሁት አገልግሎት ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ፤ ስሰናበት ለገጠመኝ አያያዝ ግን ከሁለት በላይ ለመስጠት እጄ አልታዘዘልኝም። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው። የዓመት ክፍያ በቅድሚያ ተቀብሎ፣ ደንበኛው በመሀል ሲያቋርጥ ቀሪውን በምን ስሌት እንደሚመልስ ቁጥር በቁጥር አስቀምጦ የሚሸጥ ድርጅት በከተማችን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጣና ዳር ብዙ ሳይርቅ ስድስት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬትና ወደ ደሴት ገዳማቱ እንግዳ የሚያመላልሱ ሁለት የሞተር ጀልባዎች ታሠራለች። ሁለታችንም የየራሳችን ድረ ገጽ ነበረን፤ የእኔ በዚህ ድርጅት፣ የእርሷ በሌላ። እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ ሁለቱም ወጪያቸውን ይመልሱ ነበር። በክልሉ ሰላም ከደፈረሰ ወዲህ ግን ከውጭ የሚመጣው ሰው ስለ ሳሳ ሁለት ድረ ገጽ መቀለብ ከበደን፤ ስለዚህ የእኔን ገጾች ወደ እህቴ ድረ ገጽ አዛውረን የእኔን ሆስቲንግ ለማቋረጥ ተስማማን። ያቋረጥሁት እንግዲህ ተቀይሜ አልነበረም። ቅያሜው የመጣው ካቋረጥሁ በኋላ ነው።

መልካሙን አስቀድሜ ልናገር። ድርጅቱ የራሱ ሰርቨር (ድረ ገጾች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) የለውም፤ አውሮፓ ውስጥ ካለ ትልቅ ድርጅት በወር እየተከራየ ለእኛ ለትንንሾቹ የሚያከፋፍል ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ በየአገሩ የሚሠራበት መንገድ ነው። ድረ ገጹን የምናስተዳድርበት መቆጣጠሪያ ሲፓነል የተባለው ሶፍትዌር በመሆኑ የኢሜይል ሳጥን መክፈትም ሆነ ፎቶ መጫን የኮምፒውተር ሰው መሆን አይጠይቅም። በቴሌግራም የጠየቅሁት አብዛኛው ጥያቄ በዕለቱ ተመልሷል፤ ድረ ገጹ ከሁለት ዓመት በላይ በቆየበት ጊዜ ለረጅም ሰዓት የጠፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቀድመው ወይም ወዲያው አሳውቀውኛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም የማደሻ ክፍያዬ ሦስት ሳምንት ሲዘገይ ድረ ገጹን አልዘጉብኝም። ያን ጊዜ እኛ እዚህ ገጹን ለማየት ባንችልም ውጭ ያለው እንግዳ ያየው ነበርና፣ ይህን ውለታ አሁንም አልዘነጋሁትም።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። ለመጨረሻ ጊዜ ያደስሁት ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የዓመቱ ዋጋ 7,300 ብር ሲሆን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 1,095 ብር ተጨምሮበት በድምሩ 8,395 ብር ከፈልሁ። ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ጨምሯል፤ ምክንያቱም አይሰወርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በታኅሣሥ ወር ከ120 ብር በላይ ደርሶ ነበር፤ ድርጅቱ ደግሞ ለሰርቨሩ የሚከፍለው በውጭ ገንዘብ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ዶሜይኔን፣ ማለትም የድረ ገጼን የአድራሻ ስም፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለአንድ ዓመት ማደስም ተካትቷል። ለብቻው ለሚገዛ ሰው ዶሜይኑ 1,800 ብር፣ ሆስቲንጉ ደግሞ ወር በወር ለሚከፍል 850 ብር መሆኑ በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ተጽፏል። አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ ሁሉም ይመጣሉ።

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በደንበኛ መለያዬ ገብቼ የማቋረጫ ጥያቄ አቀረብሁ። ገጹ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ «ወዲያውኑ» እና «በክፍያው ዘመን ማብቂያ» ይላል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ውሉ እስኪያልቅ ድረስ አገልግሎቱ ይቀጥልለታል እንጂ የሚመለስለት ገንዘብ አይኖርም፤ ይህን ልዩነት የሚያብራራ አንድ መስመር እንኳ በገጹ ላይ የለም። ቸኩሎ የተሳሳተ ሰው ያለ ክርክር ተመላሹን ያጣል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን መረጥሁ።

የድርጅቱ የአገልግሎት ውል ስለ ተመላሽ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ደንበኛው ከመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት በኋላ ሲያቋርጥ ቀሪው ክፍያ «በተመጣጣኝ ስሌት» ይመለስለታል ይላል። ስፈርም ይህን አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ተመጣጣኝ ማለት ለምኑ የተመጣጠነ እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባኝ ያን ጊዜ አልታየኝም። በዚህች አንድ ቃል ሥር ከ200 ብር እስከ 4,692 ብር (ዶሜይኑ ሳይነሳ፣ ከነታክሱ) የሚደርስ ልዩነት ተሸሽጎ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው መልስ በአራተኛው ቀን መጣ፤ ተመላሽዎ 200 ብር ነው፣ እርሱም በመለያዎ ላይ ለወደፊት ግዢ ይያዝልዎታል የሚል። እንዴት እንደተሰላ በጽሑፍ ጠየቅሁ። የተጠቀምሁበት ጊዜ ወደ ስድስት ሙሉ ወር ተጠጋግቶ፣ በወር 850 ብር ታስቦ 5,100 ብር ተቆርጧል፤ ከ7,300 ብር የቀረው 2,200 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ የዶሜይን 1,800 ብርና የ«አገልግሎት ክፍያ» 200 ብር ሲነሳ የቀረው 200 ብር ሆነ።

በእውነት ለመናገር ይህ ስሌት እንደሚመስለው እብደት አይደለም። ሻጩ ቅናሽ የሰጠኝ ዓመቱን ሙሉ እቆያለሁ ስላልሁት ነው፤ ካልቆየሁ ቅናሹን ልንሳ ቢል፣ ወር በወር የሚከፍለው ደንበኛ በከፈለበት ዋጋ ልመዝንህ ማለቱ ነው። ወር በወር የሚከፍል ሰው ዶሜይኑን ለብቻው ስለሚገዛም የ1,800 ብሩ ቅነሳ ከዚሁ አሠራር ጋር ይሄዳል። ቁም ነገሩ ግን ይህ ከመክፈሌ በፊት አልተነገረኝም። እንዲህ ያለ ስሌት ምን ያህል እንደሚያስኬድ እስቲ እንመልከት፤ ከ7,300 ብር ላይ ዶሜይኑና የአገልግሎት ክፍያው ሲነሳ 5,300 ብር ይቀራል፤ ይህም ለስድስት ወር በቅቶ ሰባተኛው ወር ላይ ያልቃል። ስለዚህ ውሉ ዓመቱን ሙሉ ተመላሽ አለ እያለ፣ በሰባተኛው ወር የሚያቋርጥ ደንበኛ ምንም አያገኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ መረጃ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ክርክሩን መስማት እፈልጋለሁ።

ነገሩ በጽሑፍ የማይፈታ ሲመስለኝ ወደ ቢሯቸው ሄድሁ። የተቀበለችኝ ወጣት ትሕትናዋ የሚመሰገን ነው፤ «ጋሼ፣ እኛ አይደለንም እኮ፣ ሲስተሙ ነው ያሰላው» አለችኝ። ይህን መልስ በባንክም፣ በመብራትም፣ በውኃም ስለምሰማው አልገረመኝም፤ ነገር ግን በዚህኛው ጉዳይ ልክ አይደለም። ድርጅቱ የሚጠቀምበት ደብልዩኤችኤምሲኤስ የተባለው የሆስቲንግ ሻጮች ሶፍትዌር የማቋረጫ ጥያቄ ይመዘግባል፣ አገልግሎቱንም ይዘጋል እንጂ ተመላሹን አስልቶ በራሱ አይከፍልም፤ የሚመለሰውን መጠን የሚያስገባው ሰው ነው። በአንጻሩ ይኸው ሶፍትዌር ደንበኛ ከትንሹ ፓኬጅ ወደ ትልቁ ሲያድግ የቀሩትን ቀናት ቆጥሮ ልዩነቱን በቀን ያሰላል። በስልኬ መለያዬን ከፍቼ የማሳደጊያውን ቁልፍ ተጫንሁና ሳላጸድቅ የሚጠየቀውን የዋጋ ልዩነት አሳየኋት። ገንዘብ ከእኔ ወደ እነርሱ ሲሄድ በቀን፣ ከእነርሱ ወደ እኔ ሲመጣ በወር የሚቆጠረው ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት ፈገግ ብላ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው።

ሥራ አስኪያጁ ያዳመጠኝ በጥሞና ነው፤ የወር ስሌቱን ወዲያው ተወው፣ 200 ብር የአገልግሎት ክፍያውንም አነሳው። በካርድ በሚከፈልበት አገር የክፍያ አስተላላፊው ድርጅት መጀመሪያ የወሰደውን ኮሚሽን ብዙ ጊዜ ስለማይመልስ ሻጮች አንድ ነገር መቁረጣቸው የሚገባኝ ነው፤ እኔ ግን በቴሌብር ነው የከፈልሁት። 7,300 ብር ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ብር ይደርሳል በሚለውም ተስማማን። የተለያየነው የመጨረሻው ቀን የትኛው ነው በሚለው ላይ ነበር።

ድርጅቱ አገልግሎቱን በተግባር የዘጋው ግንቦት 20 ቀን ነው። በእነርሱ አቆጣጠር እስከዚያ ቀን 170 ቀን ተጠቅሜያለሁ፤ የቀረው 195 ቀን፣ ገንዘቡም 3,900 ብር ነው። እኔ ግን «ወዲያውኑ» የሚለውን መርጬ ያመለከትሁት ግንቦት 11 ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ አምስት ወር 150 ቀን፣ ከግንቦት ደግሞ 11 ቀን፣ በድምሩ 161 ቀን ነው የተጠቀምሁት፤ የሚቀረው 204 ቀን፣ ገንዘቡም 4,080 ብር ነው። (በነገራችን ላይ በእኛ አቆጣጠር ቀን መቁጠር እንዴት ደስ ይላል፤ ወሩ ሁሉ 30 ነው። ጳጉሜን መርሳት ብቻ አይገባም፤ እርሷ ከተረሳች ዓመቱ 360 ቀን ሆኖ የቀኑ ዋጋ ከፍ ይላል፤ የቀሩት ቀናትም ስለሚያንሱ ተመላሼ ይቀንስብኝ ነበር።) በመሀል ያሉት 9 ቀናት የዘገዩት ጥያቄዬ በሠራተኞቻቸው እጅ ስለቆየ ነው። የሻጩ መዘግየት በገዢው ላይ የሚታሰብ ከሆነ፣ ባዘገዩ ቁጥር ተመላሹ ያንሳልና ለማፍጠን ምን ያነሳሳቸዋል? ሥራ አስኪያጁ ይህን ያለ ብዙ ክርክር ተቀበለ። ጥያቄ የቀረበበት ቀን እንደ መጨረሻ ቀን ይቆጠር ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ውሉ ውስጥ ግን የለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የዶሜይን ጉዳይ ነው፤ ይህ ግምገማ የተጻፈው በዋናነት ስለ እርሱ ነው ብል አላጋነንሁም።

ዶሜይን እንደ ሆስቲንግ በቀን የሚሸራረፍ ነገር አይደለም። «ዶት ኮም» ለሆነ ስም የሚጠየቀው ቢያንስ የአንድ ዓመት ክፍያ ነው፤ መዝገቡን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የእኔ ስም በታደሰበት ጊዜ በጅምላ በዓመት 10.26 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ሻጩ ይህን ከፍሎ ካደሰ በኋላ ደንበኛዬ ሄደ ብሎ ገንዘቡን መልሶ አያገኝም። ስሙም ከሆስቲንጉ ጋር አይሞትም፤ የእኔ ሆኖ ይቀራል፤ ዛሬም የእንግዳ ማረፊያዬን ስም የሚጽፍ ሰው ወደ እህቴ ድረ ገጽ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ስለዚህ የዶሜይኑ ዋጋ ከተመላሹ መነሳቱን አልተቃወምሁም። «ነፃ» ተብሎ የተሰጠኝን ነገር በኋላ ማስከፈላቸው ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ እኔ ግን ነፃ የሆነው ዓመቱን ለሚጨርስ ነው ቢሉኝ፣ በጽሑፍ ይሁን እንጂ፣ ይገባኛል። 1,800 ብሩም በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ያለ ስለሆነ በመጠኑ አልተከራከርሁም።

የተከራከርሁት በስሌቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ ሙሉውን ዋጋ በቀን አካፍሎ 4,080 ብር አገኘ፤ ከዚያ 1,800 ብር ቀንሶ 2,280 ብር ይደርስዎታል አለኝ። ልክ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ያስረዳሁት በእህቴ ጀልባ ነው።

የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንደሚበረታ በሐይቁ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንድ ቀን አራት ቦታ ለመጎብኘት የተዋዋለ እንግዳ ሁለቱን አይቶ ማዕበሉ ሲነሳ ለመመለስ ይገደዳል፤ ገንዘቡም መካፈል አለበት። ውሉ 6,000 ብር፣ ጠዋት የተሞላው ነዳጅ 2,000 ብር ነው እንበል። እህቴ መጀመሪያ ነዳጁን ታነሳለች፤ የቀረውን 4,000 ብር ለሁለት ከፍላ ግማሹን፣ 2,000 ብር፣ ለእንግዳው ትመልሳለች። ማንም አኩርፎ አያውቅም። እንደ ድርጅቱ ቢሆን ግን 6,000 ብሩ መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፤ ከእንግዳው ግማሽ ከ3,000 ብር ላይ ነዳጁ በሙሉ ይነሳል፤ እንግዳው የሚያገኘው 1,000 ብር ብቻ ይሆናል። ጎደለ የተባለው 1,000 ብር የት ሄደ? ባለ ጀልባው አስቀድሞ ባስቀረው 3,000 ብር ውስጥ የነዳጁ ግማሽ አለበት፤ ቀጥሎ ነዳጁን በሙሉ ከእንግዳው ሲወስድ ያንኑ ግማሽ ሁለት ጊዜ አስከፈለው ማለት ነው።

በእኔም ላይ የሆነው ይኸው ነው። 7,300 ብሩ ውስጥ ዶሜይኑ አለበት፤ ስለዚህ ለ161 ቀናት በየቀኑ የተቆረጠብኝ 20 ብር ውስጥም የዶሜይኑ ድርሻ አለበት። ትክክለኛው መንገድ 1,800 ብሩን አስቀድሞ ማንሳት፣ የቀረውን 5,500 ብር የሆስቲንግ ዋጋ ብቻ ለ365 ቀን ማካፈል፣ በ204 ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 3,073 ብር ከ97 ሳንቲም ነው። ከድርጅቱ ስሌት ጋር ያለው ልዩነት 793 ብር ከ97 ሳንቲም ሲሆን፣ ይህ ደግሞ የ1,800 ብሩ የ161 ቀን ድርሻ ሆኖ ሳንቲም ሳይዛነፍ ይገጥማል። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ካልኩሌተር ሁለት ጊዜ ሠርቶ አየውና ለጊዜው ዝም አለ። ቀጥሎ ያለው ነገር ያስገርማል፤ ይህን ስሌት ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ለሁሉም ደንበኛ በዚሁ ተራ ሲሠሩት እንደኖሩና ማንም እንዳልጠየቃቸው ነገረኝ። አመንሁት። ሰውየው ሊያታልለኝ የሚሞክር አይመስልም ነበር፤ ቀድሞ የተሠራበትን የሚደግም ሰው ነው። ይሁን እንጂ ባለማወቅ የተወሰደ ገንዘብም ከደንበኛው ኪስ የወጣ መሆኑ አይቀርም።

ስለ ታክሱ ብዙ አልጽፍም። እስከዚህ ድረስ ያሉት ስሌቶች ሁሉ የተሠሩት በ7,300 ብር ላይ ነው፤ ከገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በወጣው ደረሰኝ ላይ ግን የከፈልሁት 8,395 ብር ነው። ያልተሰጠ አገልግሎት ታክስ የለውም፤ ለሚመለሰው ገንዘብ የተከፈለው 15 በመቶም አብሮ መመለስ አለበት። «ታክሱ እኮ ለመንግሥት ገብቷል» ተባልሁ፤ የሽያጭ ውል በከፊል ሲሰረዝ ሻጩ የማስተካከያ ሰነድ አውጥቶ ለታክስ ሰብሳቢው በሚያቀርበው በሚቀጥለው ሂሳቡ ላይ የሚያቀናንስበት አሠራር መኖሩን የሂሳብ ሠራተኛቸው ራሷ አስታወሰቻቸው። በዚህም 461 ብር ከ10 ሳንቲም ተጨምሮ የመጨረሻው ተመላሽ 3,535 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነ። በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የተሻለ ሙያ ያየሁት በእርሷ ዘንድ ነው።

የቀረው ገንዘቡ በጥሬው ይመለስ ወይስ በመለያዬ ላይ ይያዝ የሚለው ነበር። በመለያ ላይ የሚያዝ ክሬዲት በዚያው ድርጅት ለሚቆይ ደንበኛ ክፋት የለውም፤ የሚቀጥለውን ክፍያ ያቀልለታል። ለሚሄድ ሰው ግን ወረቀት ነው። እህቴ በሌላ ድርጅት ስለሆነች ለእርሷም አልጠቀመኝም። ይህንንም ካስረዳሁ በኋላ ሰኔ 5 ቀን፣ ባመለከትሁ በ24ኛው ቀን፣ ገንዘቡ በቴሌብር ገባልኝ። ለአራት ቁጥር ስሌት 24 ቀን ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ መልስ በመጠበቅ ያለፈ ነው።

ሆስቲንግ ከውጭ አገር የሚገዙ ወዳጆቼ፣ እዚያ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም ይሉኛል። በከፊል እውነት ነው። ታላላቆቹ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጡና በዚያ ውስጥ ያቋረጠ ሙሉውን፣ የዶሜይኑን ዋጋ ሲቀር፣ ያገኛል፤ ከ30 ቀን በኋላ ግን ብዙዎቹ ምንም አይመልሱም። ኤቱ ሆስቲንግ የተባለው ድርጅት ከ30 ቀን በኋላም ቀሪውን ጊዜ አስልቶ በመመለስ ለዓመታት ይታወቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ድርጅት በቀን አስልቶ ለመመለስ መስማማቱ ብቻውን ከብዙዎቹ የውጭ ሻጮች ያስበልጠዋል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ከውጭ ለሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የውጭ ድርጅት ተመላሽ የሚያደርገው ክፍያው ወደ ወጣበት ካርድ ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ የምንከፍለው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ገንዘቡ የሚመለሰው ለዘመድ ነው፤ የቀረው የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል።

ለማቋረጥ ለሚያስብ ሰው ከልምዴ የማክለው የመጠባበቂያ ቅጂን ነው። «ወዲያውኑ» የሚለው ምርጫ እንደ ስሙ ነው፤ መለያው ሲሰረዝ ገጾቹ፣ የመረጃ ቋቱና በዶሜይኑ ስም የተከፈቱ የኢሜይል ሳጥኖች በሙሉ አብረው ይሄዳሉ፤ በዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ቅጂም አይተርፍም። እኔ ከማመልከቴ በፊት በሲፓነል ሙሉውን ቅጂ አዘጋጅቼ አውርጄ ነበር፤ ፋይሉ ከሁለት ጊጋባይት በላይ ስለነበረ ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኝ በሦስተኛው ሌሊት ነው የተሳካልኝ። ኢሜይሉን ግን ዘነጋሁት፤ ከ2015 ጀምሮ ከእንግዶች የተጻጻፍሁት ሁሉ ሊጠፋ ሲል ያዳነኝ ያው ያማረርሁበት የ9 ቀን መዘግየት ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ አልነገርሁትም።

ዶሜይኑን ወደ እህቴ ሻጭ ለማዛወር የሚያስፈልገውን ኮድ በጠየቅሁበት ዕለት ሰጡኝ፤ ይህን የሚያጓትቱ ሻጮች እንዳሉ ስለምሰማ ምስጋና ይገባቸዋል። ለጀማሪ ድረ ገጽ ቦታ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ አሁንም ወደዚህ ድርጅት ልመራው እችላለሁ፤ ዓመቱን እንደሚጨርስ እርግጠኛ ካልሆነ ግን ወር በወር ይክፈል፣ ወይም የዓመቱን ከመክፈሉ በፊት የተመላሹን ስሌት በምሳሌ ቁጥር ጽፈው እንዲሰጡት ይጠይቅ። የእህቴ ሆስቲንግ የሚታደሰው በሐምሌ ነበርና እርሷም ለራሷ ሻጭ በቴሌግራም አንድ ጥያቄ ጻፈች፤ ባቋርጥ ዶሜይኑ የሚነሳው ከማካፈላችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚል። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ «እስካሁን የጠየቀን ሰው የለም፤ ተነጋግረንበት እናሳውቅዎታለን» ይላል።